የካሉጋው መምህርና የክብደት ነገር

ሰው ከክብደቱ ጋር እንደ ተጣላ የሚኖር ፍጡር ነው። ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ ይቈራረጣል፤ ሸክም ሲያነሣ ወገቡን ይይዘዋል፤ ሲያረጅ ጕልበቱ ይከዳዋል። ወፍ ሲበር ባየ ቍጥርም ክንፍ ይመኛል። ይህን ምኞት ከብዙ ሰው አብልጦ የተመኘ፣ በምኞት ብቻም ሳይቀር መንገዱን በቍጥር ቀምሮ ያሳየ፣ ጆሮው በደንብ የማይሰማ አንድ የትንሽ ከተማ አስተማሪ ነበረ። ስሙ ኮንስታንቲን ኤድዋርዶቪች ጺዮልኮቭስኪ ይባላል።

ብዙዎቻችን ይህን ሰው የምናውቀው ከሮኬት አባቶች አንዱ በመሆኑ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ልናተኩር የፈለግነው፣ ከሮኬቱ ጎን ለጎን ባሰበውና ዓለም እስከ ዛሬ በሙሉ ባልሠራበት በአንድ አሳቡ ላይ ነው። ይኸውም ክብደት በማይሰማበት ጠፈር ውስጥ መኖሪያውን በማሽከርከር ለሰው ልጅ ሰው ሠራሽ ስበት መስጠት ነው። አሳቡ ከሕይወቱ ተለይቶ የሚነገር አይደለምና፣ ሕይወቱን ከመጀመሪያው እንተርካለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ጺዮልኮቭስኪ በሴፕቴምበር 17 ቀን 1857 በሩስያ አገር በራያዛን ግዛት ኢዝሄቭስኮዬ በተባለች መንደር ተወለደ። አባቱ ከፖላንድ ወገን የሆነ የደን ሹም ነበረ፤ ቤቱ ልጅ የበዛበት፣ ገንዘብ ያነሰበት ቤት ነበረ። ልጁ 10 ዓመት ገደማ ሲሆነው ስካርላቲና የሚባለው የትኩሳት በሽታ ያዘው። ከሞት ተረፈ፤ ጆሮው ግን አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ የመምህሩ ድምፅ የማይደርሰው፣ ጓደኞቹ የሚሥቁበት፣ ከጨዋታ የተለየ ልጅ ሆነ። ማንበብና መጻፍ ያስተማረችው እናቱም በ1870 ሞተችበት። ብዙ ሳይቈይ ትምህርት ቤቱን ተወ፤ ከዚያ በኋላ መምህሮቹ መጻሕፍት ብቻ ሆኑ።

አባቱ የልጁን እጅና አእምሮ አይቶ በ1873 ወደ ሞስኮ ላከው። ልጁ በዚያች ከተማ ሦስት ዓመት ያህል ቈየ። የገባበት ዩኒቨርሲቲ ግን የለም። በየቀኑ ይሄድ የነበረው ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ እዚያ ተቀምጦ ፊዚክስን፣ ከፍተኛ ሒሳብንና የከዋክብትን ትምህርት ለብቻው ተማረ። ከቤት የሚላክለት ጥቂት ሩብል ለመጻሕፍት፣ ለባዜቃና ለአሲድ መግዣ ያልቅ ነበር። ለራሱ የሚያስቀረው በየሦስት ቀኑ የ9 ኮፔክ ጥቍር ዳቦ የሚገዛበትን ብቻ ነበረ። እኛ ተማሪዎች ስለ ምግብ ቤታችን በምናጕረመርምበት ጊዜ ይህን ልጅ ማስታወስ አይከፋም።

በዚያን ጊዜ በሞስኮ የደረሰበት አንድ ነገር ለኋላው ታሪካችን ያስፈልገናል። ወጣቱ ከመሬት ለመውጣት የሚያስችል መኪና ያገኘ መሰለው። መኪናው የተዘጋ ሣጥን ሲሆን፣ በውስጡ ኳስ የተተከለባቸው ሁለት ዘንጎች ይወዛወዛሉ። ኳሶቹ በሚወዛወዙበት ጊዜ ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ሣጥኑን እያነሣ ወደ ሰማይ ያወጣዋል ብሎ አሰበ። ከደስታው ብዛት እንቅልፍ አጥቶ ሌሊቱን በሞስኮ መንገዶች ሲንከራተት አደረ። ገና ሳይነጋ ግን አሳቡ እንደማይሠራ ራሱ ደረሰበት። ሣጥኑ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይነሣም፤ በውስጡ የሚደረገው ግፊያ ሁሉ እዚያው እርስ በርሱ ይጣፋልና። ደስታው በአንድ ሌሊት ጠፋ፤ ያ የመሽከርከር ኃይል ግን ከልቡ አልወጣም። ወደ ሰማይ ሊያወጣው ያልቻለው ኃይል፣ በሰማይ ለሚኖር ሰው ሌላ ጥቅም እንደሚሰጥ ኋላ ላይ ይታየዋል።

በ1876 አባቱ የልጁን መራብና መክሳት ሰምቶ ወደ ቤት መለሰው። ጺዮልኮቭስኪ ከዚያ በኋላ የመምህርነት ፈተና ወስዶ አለፈ፤ በ1880ም በካሉጋ ግዛት ባለችው በቦሮቭስክ ከተማ የሒሳብ አስተማሪ ሆኖ ተሾመ። በዚያው ዓመት ቫርቫራ ሶኮሎቫን አገባ። ቀን ያስተምራል፤ ማታና ማለዳ ይጽፋል፤ ከደመወዙ የተረፈውን ለሙከራ ዕቃ ያውላል። የተማሪዎቹን ድምፅ ለመስማትም ከቆርቆሮ የተሠራ ትልቅ ቀንድ ጆሮው ላይ ይደቅን ነበር፤ ቀንዱንም የሠራው ራሱ ነው።

በወጣትነቱ ካደረጋቸው ሙከራዎች አንዱ በእንስሳት ላይ የተደረገ ነው። የሚሽከረከር መኪና ሠርቶ በረሮና ጫጩት አስቀመጠበት። በማሽከርከሩም የበረሮውን ክብደት 300 እጥፍ፣ የጫጩቱን ክብደት ደግሞ 10 እጥፍ እንዳደረሰውና ጉዳት እንዳላየባቸው ኋላ በጽሑፉ አስረዳ። ነገሩ ለጎረቤት የሚያሥቅ ይመስል ይሆናል። ቁም ነገሩ ግን፣ ክብደት ከላይ እንደ ተሰጠ የማይለወጥ ዕድል ሳይሆን፣ በእጅ ሊጨመርና ሊቀነስ የሚችል ነገር መሆኑን ይህ ወጣት በዓይኑ ማየቱ ነው።

በ1883 ነጻ ጠፈር የሚል ጽሑፍ ጻፈ። በዚህ ጽሑፍ የሚስበው ነገር በሌለበት ቦታ ያለ ሰው ምን እንደሚሆን በዝርዝር አሰበ። ላይና ታች የሚባል ነገር የለም፤ የተለቀቀ ዕቃ አይወድቅም፤ ሰው አንድ ነገር ወደ ኋላ ካልወረወረ ወደ ፊት መሄድ አይችልም። ጽሑፉ በዘመኑ አልታተመም። በ1887 ደግሞ ቤቱ ተቃጥሎ ብዙ ጽሑፎቹ ጠፉ። በ1892 ወደ ካሉጋ ከተማ ተዛውሮ ቀሪ ዘመኑን በዚያው አሳለፈ። በ1895 ስለ መሬትና ስለ ሰማይ ያለማቸውን ሕልሞች በመጽሐፍ አሳተመ። በዚህም መጽሐፍ ክብደት የሌለበትን ዓለም በተረት መልክ ሲሥል፣ ደስ የሚል ዓለም አድርጎ ነው የሣለው። ሰው በዚያ አይደክምም፤ አልጋ አያስፈልገውም፤ ሸክም የሚባል ነገር የለበትም።

በሜይ 1903 ከሁሉ የሚበልጠው ሥራው ታተመ። ሮኬት የሚደርስበት ፍጥነት ከኋላው በሚተፋው ጋዝ ፍጥነትና ከነነዳጁ ያለው ክብደት ነዳጁ ካለቀ በኋላ ካለው ክብደት ጋር ባለው ንጽጽር እንደሚወሰን በሒሳብ አሳየ። ዛሬ የሚተኰሱት ሮኬቶች ሁሉ የሚታዘዙት ለዚያ ቀመር ነው። በዚያን ጊዜ ግን ያነበበው ሰው ጥቂት ነው። የመጽሔቱ አዘጋጅ በዚያው ዓመት ሞተ፤ መጽሔቱም ቆመ። መምህሩም ሥራውን ለመቀጠል የሚያትምለት ሌላ መጽሔት እስኪያገኝ ስምንት ዓመት ጠበቀ። ከዚያ ቀደም ወንድ ልጁ ኢግናቲ በ1902 በገዛ እጁ ሞቶበት ነበር፤ በ1908ም የኦካ ወንዝ ሞልቶ ቤቱንና ወረቀቶቹን አበላሸበት። እሳትና ውሃ የተባበሩበት ሰው ነበር ብንል አልዋሸንም።

በ1911 እና በ1912 በአንድ የአየር በረራ መጽሔት ላይ የሥራውን ሁለተኛ ክፍል አወጣ። ያን ታላቅ አሳብ ግልጽ አድርጎ ያስቀመጠው በዚህ ነው። ክብደት የሌለበትን ኑሮ የሚወድ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ምናልባት የሰው ልጅ ያለ ክብደት ሊኖር ባይችልስ ብሎ ራሱን ጠየቀ። መልሱም አጭር ነው። መኖሪያው ወይም ሮኬቱ ይሽከርከር፤ በመሽከርከሩ የሚፈለገው ያህል ክብደት ይገኛል፤ ማነሱና መብዛቱ በመኖሪያው ስፋትና በመሽከርከሩ ፍጥነት ይወሰናል። ጠፈር ባዶ ስለ ሆነ የሚያስቆመው ሰበቃ የለም፤ አንድ ጊዜ የተሽከረከረው ነገር ያለ ተጨማሪ ነዳጅ መሽከርከሩን ይቀጥላል ሲል አስረዳ።

ወንጭፍ የሚያዞር እረኛ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ድንጋዩ በቀጥታ መስመር ሊሄድ ይታገላል፤ ገመዱ ግን ወደ መሐል ይስበዋል፤ ስለዚህ ድንጋዩ የተቀመጠበትን ቆዳ ይጫነዋል። ድንጋዩ ስሜት ቢኖረው ኖሮ፣ ያ ቆዳ ወለል፣ የእረኛው እጅ ደግሞ ሰማይ በመሰለው ነበር። በሚሽከረከር ትልቅ መንኰራኵር ውስጥ የሚኖር ሰውም እንዲሁ ነው። እግሩ ወደ ውጭው ጠርዝ፣ ራሱ ወደ መሐሉ ሆኖ ይቆማል፤ የያዘውን ብርጭቆ ቢለቀው ይወድቅበታል።

መምህሩ ይህን አሳብ ለምሁራን ብቻ አላስቀረውም። ከመሬት ውጭ በተባለውና በ1920 በመጽሐፍ በወጣው ልብ ወለዱ፣ ከልዩ ልዩ አገር የተሰበሰቡ ሊቃውንት በሮኬት ወጥተው በጠፈር ሲኖሩ ያሳያል፤ ተጓዦቹም ሮኬታቸውን አሽከርክረው ክብደትን መልሰው ያገኛሉ። በ1933 ደግሞ ስለ ጠፈር ጉዞ ለሚሠራ ፊልም አማካሪ ሆኖ የብዙ ሥዕሎች ደብተር አዘጋጀ። ሥዕል የማያውቅ እጅ የሣላቸው ቢሆኑም፣ ክብደት የሌለው ሰው እንዴት እንደሚንሳፈፍ ያን ያህል አጥርቶ ያየ ሌላ ሰው በዘመኑ ማግኘት ያስቸግራል።

ዝናው የመጣው ካረጀ በኋላ ነው። በ1919 ለጥቂት ጊዜ ታስሮ ተፈታ፤ በ1921 መንግሥት የዕድሜ ልክ ጡረታ ሰጠው። በ1923 እና ከዚያ በኋላ በጀርመን አገር የሄርማን ኦበርት መጽሐፍ ሲወራ፣ የራሱ ሰዎች የካሉጋውን መምህር አስታወሱት። በሴፕቴምበር 19 ቀን 1935፣ 78 ዓመት በሞላው በሁለተኛው ቀን፣ በካሉጋ ሞተ። አንድም ሮኬት ወደ ጠፈር ሲወጣ አላየም። የመጀመሪያዋ ሰው ሠራሽ ጨረቃ የወጣችው በኦክቶበር 4 ቀን 1957፣ እሱ በተወለደ በመቶኛው ዓመት ነው።

የሰውየው ሕይወት እዚህ ያበቃል፤ የአሳቡ ታሪክ ግን ገና መጀመሩ ነበረ። ሰው በ1961 ወደ ጠፈር በወጣ ጊዜ፣ መምህሩ በተረቱ የሣለው ደስታ ብቻውን እንዳልሆነ ታወቀ። በዚያው ዓመት ለአንድ ቀን ያህል መሬትን የዞረው ጌርማን ቲቶቭ ማቅለሽለሽና ማዞር ያዘው። በጁን 1970 አንድሪያን ኒኮላዬቭና ቪታሊ ሴቫስቲያኖቭ 18 ቀን ያህል በሶዩዝ 9 ቈይተው ሲመለሱ፣ ሰው ሳይደግፋቸው መሄድ አቃታቸው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። አጥንታችን እንደ ቤት ምሰሶ አንድ ጊዜ ተተክሎ የሚቀር አይደለም። ዘወትር እየፈረሰ ዘወትር የሚታነጽ ነው፤ አናጺውን የሚቀሰቅሰውም ሸክም ነው። ሸክሙ ሲጠፋ ማፍረሱ ይቀጥላል፣ ማነጹ ግን ይለግማል። በጠፈር የሚኖር ሰው ብርቱ ልምምድ ካላደረገ፣ ከዳሌው አጥንት በየወሩ ከመቶ አንድ እጅ ወይም ከዚያ በላይ ያጣል፤ ይህም በመሬት ላይ ያለ ሽማግሌ በዓመት የሚያጣውን ያህል ነው። ከአጥንቱ የወጣው ካልሲየም በሽንት ሲወገድ ለኵላሊት ጠጠር ያጋልጣል። የእግርና የጀርባ ጡንቻ ይመነምናል፤ ደምና ውሃ ወደ ራስ ወጥቶ ፊት ያብጣል፤ ልብም ሥራው ስለሚቀልለት ይደክማል። ያ የምናማርርበት ክብደት ለካ ምግባችን ኖሯል!

ሐኪሞች ያገኙት መድኃኒት ልምምድ ነው። በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የኖሩ ሰዎች በየቀኑ ሁለት ሰዓት ያህል በመሮጫና በክብደት ማንሻ መኪና ሲለፉ ኖረዋል። ይህ ብዙ ጠቅሟል፤ ቫለሪ ፖሊያኮቭ በ1994 እና በ1995 ከ437 ቀን በላይ በጠፈር ኖሮ በራሱ እግር ለመራመድ በቅቷል። ነገር ግን ልምምድ የሚያክመው ጡንቻንና አጥንትን እንጂ ሰውነትን በሙሉ አይደለም። የካሉጋው መምህር ያዘዘው መድኃኒት ግን፣ ሰውየው ተቀምጦ ሲበላም ተኝቶ ሳለም የሚሠራ ነው።

ታዲያ ስለምን አልተሠራበትም? ስለ ሚዛናዊነት ስንል በመጀመሪያ እውነተኛውን ችግር እንናገር። በደቂቃ 2 ጊዜ የሚዞር መኖሪያ የመሬትን ያህል ክብደት እንዲሰጥ፣ ከመሐሉ እስከ ጠርዙ 224 ሜትር ሊሆን ያስፈልጋል። በደቂቃ 4 ጊዜ ቢዞር 56 ሜትር፣ 10 ጊዜ ቢዞር ደግሞ 9 ሜትር ያህል ይበቃል። ነገር ግን በትንሹና በፈጣኑ መንኰራኵር ውስጥ የቆመ ሰው ራሱ ከእግሩ ይልቅ ይቀልለዋል፤ አንገቱን ባዞረ ቍጥርም በጆሮው ውስጥ ያለው የሚዛን ሕዋስ ይታወክና ያጥወለውለዋል። ስለዚህ ወይ ትልቅና ውድ፣ ወይ ትንሽና የሚያሳምም ነው።

ሙከራ አልተደረገም ለማለትም አይቻልም። በሴፕቴምበር 1966 የጀሚኒ 11 ተጓዦች ኮንራድና ጎርደን መንኰራኵራቸውን በ30 ሜትር ገመድ ከሌላ መንኰራኵር ጋር አስረው ቀስ ብለው በማዞር እጅግ ጥቂት ክብደት አገኙ። በ1977 ሶቪየቶች በኮስሞስ 936 ውስጥ አይጦችን በሚሽከረከር መኪና ላይ አስቀምጠው ላኩ፤ ክብደት የተሰጣቸው አይጦች ካልተሰጣቸው ይልቅ ያነሰ ጉዳት ደረሰባቸው። በ2019 በጀርመን ከተማ በኮሎኝ ፈቃደኞች 60 ቀን ራሳቸው ዝቅ ባለ አልጋ ላይ ተኝተው፣ አንዳንዶቹ በየቀኑ 30 ደቂቃ ተሽከረከሩ፤ ያ ጥቂት ጊዜም ሙሉ መድኃኒት እንደማይሆን ታየ። ለዓለም አቀፉ ጣቢያ ታስቦ የነበረውና ጃፓኖች መሥራት የጀመሩት የመሽከርከሪያ ክፍል ግን በ2005 ተሰረዘ፤ ሰውን በሙሉ ክብደት የሚያኖር ጣቢያም እስከ ዛሬ አልወጣም።

ከችግሩ ትልቅነት ሌላ አንድ ምክንያት ያለ ይመስለናል። ጺዮልኮቭስኪ ለዓለም ሁለት ነገር አበርክቷል፤ ሮኬቱንና መንኰራኵሩን። ሮኬቱ ቦምብ ሊሸከም ስለሚችል መንግሥታት ገንዘባቸውን አፈሰሱበት፤ ከወረቀትም ወደ ሰማይ ወጣ። መንኰራኵሩ ግን ጠላትን አይመታም፤ ጥቅሙ ለተጓዡ አጥንትና ልብ ብቻ ነው። ስለዚህ ሲጠብቅ ኖረ። ሰዎች አጥንታቸው የሚሳሳው ሳይንስ ሳያውቅ ቀርቶ ሳይሆን፣ ዕውቀቱ የቀደመውን ሥራ ገንዘቡ ስላልተከተለው ነው። ወደ ማርስ የሚደረገው ጉዞ ለመሄድ ብቻ ወራት የሚፈጅ ስለ ሆነ፣ ሲደርሱ ደግፎ የሚያወርድ ሰው የለምና፣ ይህ ቀጠሮ ለዘላለም ሊራዘም አይችልም።

ከዚህ ሰው ሕይወት እኛ ተማሪዎች የምንማረው ድህነትን መታገሥ ብቻ እንዳይሆን እንፈልጋለን፤ እሱን ሁሉም ይሰብከናል። ከዚያ የሚበልጥ ነገር አለ። ጺዮልኮቭስኪ ዕድሜውን ሙሉ የወደደው አንድ ነገር ነው፤ ሰውን ከክብደት ነጻ ማውጣት። ስለ አጥንት መሳሳት የሚነግረው ማስረጃ አልነበረውም፤ የራሱም ግምት ሰው ያለ ክብደት ደኅና ይኖራል ወደሚለው ያደላ ነበረ። ነገር ግን የወደደው ነገር ሊጎዳ እንደሚችል አስቦ፣ መድኃኒቱን ከነስሌቱ ከሕልሙ ጎን አስቀመጠ። አንድን አሳብ ከልብ እየወደዱ፣ ያ አሳብ የተሳሳተ እንደ ሆነ ለሰዎች መመለሻ መንገድ ማሰናዳት ብርቅ ጠባይ ነው። በየክበባችን ስለ ወደፊቱ ኑሮ የምንከራከር ሁላችን፣ የምንሟገትለት አሳብ ያልጠበቅነውን ጉዳት ቢያመጣ ማን አጥንቱ እንደሚሳሳና ምን እንዳዘጋጀንለት ራሳችንን ብንጠይቅ፣ የካሉጋው መምህር ለሮኬት ብቻ ሳይሆን ለእኛም አስተማሪ ይሆነናል።